የቅሬው ጉርሻ

ተኮላ ዳምጤ የሰደበኝ በሁለት ሺህ ስልሳ ሦስት ዓ.ም.፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ አጎቴን ይመርን ቀብረን ስንመለስ ነው። ቦታውም የቦርከና ድልድይ አፍ ላይ፣ ባጃጆቹ ተሰልፈው የሚቆሙበት ጥግ ነው። ስንሄድ ቃሬዛውን ከኋላ በኩል ይዤ ስለነበር ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እሱ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከፊቴ ይሄዳል። ዞር ብሎ አየኝና፣ ለእኔ ሳይሆን አጠገቡ ላሉት፣ “እንድሪስ የሞተ ቀን ቃሬዛውን የሚሸከም ትውልድ ገና አልተወለደም” አለ።

የሰፈራችን ቀልደኛ ሙሄ ሣቀ። የጎረቤታችን የእትዬ ከድጃ ባል፣ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር፣ እሱም ሣቀ። ያልሣቁት ደግሞ አጎንብሰው ጫማቸውን አዩ። እኔ ይሄኛው ይብሳል ባይ ነኝ።

እንዲህ ያለ ነገር አልረሳም። ስድስተኛ ክፍል ሳለን የሒሳብ አስተማሪያችን ፈተና ሲመልስ “አንተን ከማስተማር ጆንያ ማሸከም ለአገር ይበጃል” ያለኝን፣ ተኮላም አጠገቤ ተቀምጦ ደብተሩን አፉ ላይ አድርጎ እንደሣቀ አስታውሳለሁ። ተኮላ ተማረ። እኔ ጆንያ ተሸከምኩ። ጆንያ የሚሸከሙ ማሽኖች ከመጡ በኋላ ደግሞ የማሽኖቹን መጋዘን በር እጠብቃለሁ። ሰርግ ላይ ወንበር ይሰብራል ብለው ድንጋይ ላይ ያስቀመጡኝን ሰዎች ስማቸውን ከነአባታቸው አውቃለሁ።

ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የኮምቦልቻ ሰው እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀብራል። ድሮ ቅሬ የሚሰበሰበው ሰው ሲሞት ነበር፤ በእኛ ዘመን በቁምህም ይሰበሰብብሃል። የቤታችን ሁሉ ደፍ ይመዝናል። ስትወጣም ስትገባም ክብደትህን ይወስድና ከሰፈሩ ክብደት ጋር ይደምረዋል። ድምሩ የቅሬው አዳራሽ ጣሪያ ላይ ባለው መብራት ይታያል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ለሁላችንም ይከፈታል። ብጫ ሲሆን ለእርጉዝና ለሕፃን ብቻ ነው። ቀይ ሲሆን በሩ እንኳ አያናግርህም።

የእኛ መብራት ከብጫ አልወጣም ነበር። በማን ምክንያት እንደሆነ ማንም አይናገርም። ባጃጅ ስሳፈር ባጃጁ “እባክዎ አንድ ሰው ይውረድ” ይላል። ማን እንደሆነ አይጠራም፤ ሰው ሁሉ ግን ወደ እኔ ያያል። አንድ ቀን ሙሄ፣ “አይ ባጃጅ፣ እሱም ይሉኝታ ይዞት ነው እንጂ ስምህን ያውቀዋል” አለኝ። ሙሄ ቀልዱን በልቡ ክፋት ሳይኖር ነው የሚናገረው ይላሉ። ልቡን እኔ አላየሁትም፣ ቀልዱን ነው የሰማሁት።

ተኮላ የቅሬው ዳኛ በሆነ በዓመቱ ሽማግሌ ይዞ ቤታችን መጣ። እኔና እህቴ ዘሀራ ነን የምንኖረው። ሦስት ሆነው፣ ልክ ልጅ ለመጠየቅ እንደሚመጣ ሽማግሌ፣ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

“ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ” አለች ዘሀራ።

“መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም” አለ ተኮላ። “የመጣነው ለክር ነው። እንድሪስ የሚያከሳው ክር ሆዱ ይግባለት። ቅሬው ለምኖሻል።”

“እሱ ራሱ እዚህ ተቀምጦ የለ? እሱን አናግሩት።”

“እሱን ብናናግረው ያኮርፋል። የኩርፊያው ነገር ከክብደቱ አይተናነስም።”

ሽማግሌዎቹ ሣቅ አፈናቸው። ዘሀራ ወደ እኔ አየች። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት እነሱን ለማስደሰት አይደለም። ከቀጠንኩ በኋላ የሚሉት ያጣሉ፣ የሚሉት ሲያጡ አፋቸውን አያለሁ ብዬ ነው።

ክሩን ያስገቡልኝ ክሩን የሚሠራው ድርጅት ሰፈራችን ባስከፈተው ቤት ነው። ጠዋት ገባሁ፣ በማግስቱ ወጣሁ። ሲስተር ቤዛዊት የምትባል የድርጅቱ ባለሙያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ሲናገሩ ፈገግታ የማይለያቸው ሰዎች አሉ፣ ከእነሱ አንዷ ናት።

“ክሩ ጨጓራህን ይዞ ይቀመጣል፣ አቶ እንድሪስ። እጅህ ወደ አፍህ በሄደ ቁጥር ያውቃል። የሚበቃህን ስትበላ ይጠብቃል፣ ከዚያ በላይ የዋጥከው ይመለሳል። አንተ ማሰብ አይጠበቅብህም።”

“ቢጠብቅብኝስ?”

“ክሩ ከአንተ ይልቅ ለአንተ ያስባል” አለችና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

በሌላ ሰፈር ክር የገባለት ሰው ሁሉ ክረምት ሳይወጣ ሱሪው ወልቆበታል። እኔ ወፈርኩ።

ምክንያቱን ያን ጊዜ ማንም አላወቀም። ታምሜ የተኛሁ ስለመሰላቸው ጎረቤቱ ሁሉ ጥየቃ መጣ። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጭኮ፣ እርጎ ይዞ ይመጣል። አልበላም ብትል፣ “በሞቴ፣ ይቺን ብቻ” ይልና ጠቅልሎ ያጎርስሃል። አንድ አጉርሶ የሚሄድ ደግሞ የለም። በራሴ እጅ ትንሽ ስነካ ክሩ ይይዘኛል፤ ከሰው እጅ የመጣው ሲሆን ያልፋል። ክሩን የሠሩት ሰዎች ሰው ሰውን የሚያጎርስበት አገር አለ ብለው አላሰቡም። እኛም እጅ ሁሉ እጅ ነው ብለን ነገሩን አልጠረጠርንም። እንዲያውም ሲያልፍልኝ እያዩ፣ “ተመስገን፣ ተሻለው” ይሉ ነበር።

መብራቱ ቀይ ሆነ።

ሲስተር ቤዛዊት ቤት ድረስ መጣች። “ይገርማል” አለች፣ ፈገግታዋ እንዳለ። “በእጅህ የበላኸው የወፍ ያህል ነው። ክብደትህ ግን ጨምሯል። ሰውነትህ ቆጣቢ ነው ማለት ነው። ትንሽ እናጥብቀው።” ከቦርሳዋ ምንም አላወጣችም። ጣቷን ጣቷ ላይ አሻሸች፣ እኔ ውስጤ ሲሳብ ተሰማኝ። ቆይታ መጥታ ደግማ አጠበቀችው። ሦስተኛውን ከቢሮዋ ሆና ነው ያጠበቀችው፤ እኔ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ሳለ ተሳበ፣ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በእጄ ያነሳሁት ነገር አይገባልኝም። ሽሮ ይመለሳል። ሙዝ ይመለሳል። ውሃ በብርጭቆ አንስቼ ስጠጣ በአፍንጫዬ ይወጣል። ዘሀራ አይታኝ ደነገጠች፤ ብርጭቆውን ከእጄ ነጠቀችና እሷ አስጠጣችኝ። ገባ። ትንሽ እንጀራ በሽሮ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ገባ።

“ለማንም እንዳትናገር” አለችኝ።

“ምኑን ነው የምናገረው?”

“ይሄን። እኔ እያለሁ አትራብም። እኔ አበላሃለሁ፣ አለቀ።”

እንደ ጫጩት እያጎረሰችኝ ቆየን። እሷ የእንጨት ሥራ ቤት ትውላለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጠች መጋዘኑ በር ድረስ ትመጣለች፣ ከግንቡ ጥግ ዞር እንልና አጉርሳኝ ትመለሳለች። አንጀቷ አይችልም፣ ስለዚህ ታበዛዋለች። ክብደቴ አልቀነሰም። መብራቱም ቀይ እንደሆነ ቆየ።

የእትዬ ከድጃ ባል በዚያው ሰሞን ልቡን አመመው። አዝለው ጤና ጣቢያው በር ላይ አደረሱት። በሩ አላናገራቸውም። ባጃጅ ተሳፍረው ደሴ ሲወጡ መንገድ ላይ አረፈ። ቀብሩ ላይ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ሰላምታ ብቻ ነው የነሱኝ።

እትዬ ከድጃ ከአርባው በኋላ ቤታችን መጣች። የመጣችው ልትወቅሰኝ ይሆናል፣ ወይም ዝም ብላ ልትቀመጥ፤ አላውቅም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ስትገባ ዘሀራ ስታጎርሰኝ አየችን። ቆማ አየችን፣ ቆማ አየችን፣ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። በቀጥታ ወደ ተኮላ ነው የሄደችው። በዚህ አልፈርድባትም። በሌላው ሰው ግን እፈርዳለሁ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ የቅሬው ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚው ተደርድሯል፣ ሳህኑ መጥቷል፣ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ልቤ ዘሀራ ሞተች ብሎ ዘለለ። እሷ ግን ጓዳ በር ላይ ቆማለች።

“ማነው የሞተብኝ?” አልኩት ሙሄን።

“ኪሎህ ነዋ” አለኝ። “አልሞት ብሎ አስቸገረ፣ እሱን ልናስተዛዝን መጥተን ነው።”

ድጋፍ ነው ያሉት። ስሙን ያወጣው ተኮላ ነው። ሰው እየተነሳ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ጉልበቴን ይነካል፣ “አይዞህ፣ በሁሉም የሚደርስ ነው” ይላል፣ ይነሳል። ክር ያልገባለት ሰው ነው ደግሞ “በሁሉም የሚደርስ” የሚለኝ። ተኮላ ተነስቶ ተናገረ። ድርጅቱ እንዳዘነ፣ እሱም እንዳዘነ፣ ውጤቱ ማንም ያልጠበቀው እንደሆነ፣ ሆኖም እንድሪስ ብቻውን እንደማይተው ተናገረ። ከዚያ ወደ ዘሀራ ዞረ።

“እህታችን፣ ፍቅርሽ ነው የጎዳው። እጅሽን ስጪን።”

ሲስተር ቤዛዊት ትንሽ መስተዋት የመሰለ ነገር ይዛ ከኋላ መጣች። ዘሀራ ምን እንደሆነ አልገባትም መሰለኝ፣ እጇን ዘረጋች። መስተዋቱ ላይ አስቀመጡላት። ሞቅ ያለ ነገር ነው አለች በኋላ።

በማግስቱ ምሳ ላይ እየሮጠች መጣች፣ ግንቡ ጥግ ዞር አልን፣ አጎረሰችኝ። ተመለሰ። ሌላ ሞከረች፣ ተመለሰ። ክሩ እጇን የእኔ እጅ ነው ብሎ ይዞታል። እሷ የተመለሰውን ከሸሚዜ ላይ ጠረገች። ከቧንቧው ሄዳ እጇን ታጠበች። ደግማ ታጠበች። ከዚያ እጇን ገልብጣ እያየች ቆመች፣ የምሳ ሰዓቷ አልፎ ማሽኑ እስኪጠራት ድረስ።

ቅሬው እኔን የሚያጎርስበት ተራ እንዲህ ተጀመረ። ጠዋትና ማታ ወደ ቅሬው አዳራሽ እሄዳለሁ። መጋዘኑም ሰዓቱን አውቆ ይለቀኛል። በስተቀኝ የእኔ አግዳሚ አለች። ተረኛው ቤት የሚያጎርስ ሰው ይልካል። ከሥጋ በቀር የማይቀርብ የለም፤ የማን ቢላ ነው የሚል ጣጣ እንዳይመጣ ነው። የሚያጎርሰኝ ሰው ቆሞ ነው፣ እኔ ተቀምጬ። ለምን እንደሆነ ማንም አልደነገገውም፣ እንዲሁ ሆነ።

ሰውን በእጁ ማወቅ ጀመርኩ። የእነ አራጋው ቤት እጅ ሽንኩርት ይላል። የአስተማሪዋ እጅ ሳሙና ነው። አንዷ ጓንት አድርጋ ነው የምትመጣው፣ ጓንቷ የላስቲክ ጣዕም አለው። አንዱ ሲያጎርስ ስለ ትዕግሥት ይመክረኛል፣ አፌ ሙሉ ስለሆነ አልመልስም። ሙሄ ጉርሻውን ከአፌ ፊት አድርጎ፣ “በል መጀመሪያ ‘ሙሄ ቀልደኛ ነው’ በል” ይለኛል። እላለሁ። እትዬ ከድጃ ስትመጣ ምንም አትናገርም። ጉርሻዋ ትንሽ ናት፣ በደንብ የተጠቀለለች ናት፣ ዓይኔን አታየኝም። የምትመጣበትን ቀን እጠብቅ ነበር።

“አላህ ይስጥልኝ” የሚለውን ቃል በዕድሜዬ እንደዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ ተናግሬው አላውቅም።

አንድ ጊዜ ባጃጅ ማቆሚያው ላይ ተኮላን አማሁት። ያልኩት ብዙ አይደለም፣ “ዳኛ ያልነው ሰው ንጉሥ ሆኖ አረፈው” ብቻ ነው ያልኩት። በማግስቱ ጠዋት አግዳሚዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ የሚያጎርስ አልመጣም። ማታም አልመጣም። ዘሀራ ቤት ለቤት ሄዳ ለመነች፤ ሁሉም በሩን ከፍቶ በትሕትና፣ “ዛሬ የእኛ ተራ አይደለም እኮ፣ እህቴ” አላት። በሁለተኛው ቀን ማታ አንድ ሰው መጣ። “ተራው ተምታቶ ነው፣ ይቅርታ” አለኝ። እኔም ይቅርታ አልኩት። ለምን ይቅርታ እንዳልኩ ሁለታችንም አውቀናል። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላማሁም።

ቀጠንኩ። በሰው እጅ የሚበላ ሰው ይቀጥናል፤ አጉራሹ ይደክመዋል፣ ቤቱ ይጠብቀዋል፣ ወጡ ያልቃል። መብራቱ ብጫ ሆነ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። የጤና ጣቢያው በር ተከፈተ። አዳራሹ ውስጥ አጨበጨቡልኝ። እንደዚያ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብልኝ የመጀመሪያዬ ነው፣ እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩላቸው። ትንሽ ቆይቶ የሚያጨበጭቡት ወደ ጣሪያው እያዩ እንደሆነ አስተዋልኩ።

ሲስተር ቤዛዊትን ክሩ ይወጣ እንደሆነ ጠየቅኳት።

“ክሩ ሥጋ ሆኗል፣ አይወጣም” አለችኝ። “ማላላት ግን ይቻላል። በራስህ እጅ መብላት ትችላለህ።”

“እንግዲያው አላሉልኝ።”

“እንዴታ። ቅሬው ከጠየቀ።”

“የእኔ ሆድ አይደለም እንዴ?”

“ክብደቱ የጋራ ነው፣ አቶ እንድሪስ” አለች፣ ከዚያ በኋላ ስለ እንቅልፌ ጠየቀችኝ።

ተኮላ ዘንድ ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆምኩ፣ ግባ አላለኝም። በእጄ መብላት እፈልጋለሁ አልኩት። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ውሃ ሲጠማኝ ብርጭቆ ማንሳት ብቻ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። “ለጠቅላላ ጉባኤው አቀርበዋለሁ” አለ። “አንተም እዚያ ትናገራለህ። ሕዝቡ አንተን መስማት ይፈልጋል።”

እኔን መስማት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብሴን አስተኮስኩ።

ጉባኤው እሑድ ጠዋት ነው። አዳራሹ ሞልቶ በውጭም ቆመዋል። ጠዋት የሚያጎርሰኝ አልመጣም። የዛሬውን ተራ ዳኛው ራሱ ወስዶታል አሉኝ። ተኮላ በተራ ገብቶ አያውቅም ነበር። ፊት ለፊት መድረኩ ላይ ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ምስርና እንጀራ በትሪ ተቀምጧል፣ ሽታው እስከ አግዳሚዬ ይመጣል። ሲስተር ቤዛዊት ከጎን ተቀምጣለች።

ተኮላ ተነሳ። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሲፈልግ እንደዚያ ያደርገዋል።

“እናንተ ወገኖቼ፣ ይሄ መብራት አረንጓዴ የሆነው በአንድ ሰው ነው። ነገ ደግሞ በሌላ ሰው ብጫ ይሆናል። እስከ መቼ? ድርጅቱ ለቅሬያችን አንድ ነገር አቅርቧል። ለአዋቂ ሁሉ ክር ይገባል። እንደ እንድሪስ ጠበቅ ያለ። ጠዋትና ማታ እዚህ እንሰበሰባለን፣ እንጎራረሳለን። የተጣላን ሰዎች በጉርሻ እንታረቃለን። ማን ቀብር ቀረ፣ ማን አኮረፈ የሚባል ነገር ይቀራል።”

የመጨረሻውን ሲናገር አንዳንዱ ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው አየ።

“ልጆችስ?” አለ አንድ ሰው ከኋላ።

“ሲያድጉ።”

ከዚያ እትዬ ከድጃ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። በተሰብሳቢ ፊት ተናግራ አታውቅም፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

“እኔ ብቻዬን ነኝ የማድረው” አለች። “ሌሊት ውሃ ቢጠማኝስ?”

ሙሄ እንኳ አልቀለደም። ሁሉም ተኮላን አየ። ተኮላ ፈገግ አለ።

“ጥሩ ጠየቅሽ፣ እትዬ ከድጃ። እኔ ምን አውቄ እመልስልሻለሁ? የኖረበት እሱ ነው። እንድሪስ ይመልስልሽ። እንድሪስ፣ ና ወደዚህ።”

ሄድኩ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እንዳልበላሁ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ተኮላ እንጀራውን ቆረሰ፣ ምስሩን ዛቀ፣ በጣቶቹ ጠቀለለው። እንዲህ በቅርብ እጁን አይቼው አላውቅም። ጥፍሩ የተከረከመ ነው፣ ቆዳው የጠመኔም የጆንያም ምልክት የለበትም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና በዝግታ፣ “ደህና አድርገህ ተናገር። የማላላቱን ነገር ዛሬውኑ እንጠይቅልሃለን። ለአንተ ብቻ ክሩ ይላላል” አለኝ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ “በል እንድሪስ፣ ለሕዝቡ ንገር። ተመችቶሃል ወይስ አልተመቸህም?” አለ፣ ጉርሻውንም ከአፌ ፊት አደረገው።

አዳራሹን አየሁት። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠብቁት። “ተመችቶኛል” ብል እጃቸውን ያነሳሉ፣ አውቃቸዋለሁ፣ አንዱ ሲያነሳ ሁሉም ያነሳል። ከዚያ ሁሉም አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ሙሄ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ድንጋይ ላይ ያስቀመጡኝ ሰዎች ከነልጆቻቸው አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ተኮላም ይጠብቃል፣ አንድ ቀን ተራው ይምታታበታል። እኔ በራሴ እጅ እየበላሁ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ይሄን ሳስብ ከምስሩ ሽታ በላይ ጣመኝ። አልዋሽም፣ ጣመኝ።

“አልተመቸኝም” ብልስ? ማታ የሚያጎርሰኝ የለም። ነገም የለም።

ዘሀራ በሴቶቹ በኩል ከኋላ ቆማለች። ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። መስተዋቱን ካስነኳት ጀምሮ እንዲህ ነው የምትይዘው። ከፊቷ እትዬ ከድጃ አልተቀመጠችም፣ እስከ አሁን ቆማ መልስ ትጠብቃለች። ያቺ ሴት ባሏን በእኔ ምክንያት ቀብራ ትንሽ ትንሽ እየጠቀለለች ያጎረሰችኝ ናት።

የምስሩ ዘይት በተኮላ ጣት መሐል ወርዶ አንጓው ላይ ደረሰ። ክንዱን በግራ እጁ ደገፈ፣ ደክሞታል።

“እንድሪስ” አለ። “ሰዉ ይጠብቅሃል።”

ምራቄን ዋጥኩ። እሱ አልተመለሰም፣ ምራቅ እጅ የለውም። ጉርሻውን ሳልቀበል፣ የጠየቀኝንም ሳልመልስ አፌን ገጠምኩና ከመድረኩ ወረድኩ። ሰዉ መሐል መንገድ ለቀቀልኝ። አንዱ “ምን አለ?” ብሎ ጠየቀ፣ ሌላው “ምንም አላለም” አለው። ተኮላ ከኋላዬ ስሜን ጠራ፣ በመጀመሪያ ለስለስ አድርጎ፣ ቀጥሎ እንደ ዳኛ። ዞሬ አላየሁም። ደጅ የቆሙትን ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋሁ አልፌ በድልድዩ በኩል ሄድኩ።